ሚኮላ ስክሪፕኒክ፦ በሌላው ፈቃድ የተሠራ ትልቅ ሥራ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ጁላይ 7 ቀን 1933 የዩክሬን ኮሚኒስት ፓርቲ ፖሊት ቢሮ በወቅቱ ዋና ከተማ በነበረችው በካርኪቭ ተሰብስቦ ነበር። ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ የአንድ ነባር አባል የግለ ሂስ ደብዳቤ ነው። ሰውየው ጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያምን ሲጠየቅ ሰንብቷል። የጻፈውም በቂ አይደለም እየተባለ ሲመለስበት ቆይቷል። በዚያ ቀን ስብሰባውን ትቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ዕድሜው 61 ነበር።

ሰውየው ሚኮላ ስክሪፕኒክ ነው። የሌኒን የቅርብ ጓድ፣ የጥቅምቱ አብዮት ተሳታፊ፣ ለስድስት ዓመት ያህል ደግሞ የሶቪየት ዩክሬን የትምህርት ኮሚሳር (ሚኒስትር) ነበር።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት እና ስለ ሥራ ቋንቋ ስንከራከር ብዙውን ጊዜ በምኞት ብቻ ስለምንከራከር ነው። ይህኛው ጉዳይ ግን ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ፖሊሲው ሲጀመር፣ ሲያድግና ሲቆረጥ ያለፈው አሥር ዓመት ብቻ ነው። የታወቁ ባለሥልጣናትን በስማቸው እጠራለሁ። ፊደሉን ያዘጋጁትን ምሁራንና ክፍል ገብተው ያስተማሩትን መምህራን ግን በሥራቸው ብቻ እገልጻቸዋለሁ። ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ከየት መጣ

ስክሪፕኒክ በ1872 በምሥራቅ ዩክሬን የከሰል አካባቢ በዶንባስ፣ ያሲኑቫታ በሚባል ቦታ ተወለደ። አባቱ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ልጁ ገና በትምህርት ቤት ሳለ በፖለቲካ ተባረረ። በ1900 ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ። በዓመቱ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ እስር፣ ግዞት፣ ማምለጥ፣ እንደገና እስር ሆነ። 15 ጊዜ እንደታሰረ፣ 7 ጊዜ እንደተጋዘና አንድ ጊዜም ሞት እንደተፈረደበት ይነገራል። ሳይቤሪያን እስከ ያኩትያ ድረስ ያውቀዋል።

በ1917 ፔትሮግራድ (የቀድሞዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ የፋብሪካ ኮሚቴዎች ማዕከላዊ ምክር ቤት ጸሐፊ ነበር። ሥልጣን በያዘው ወታደራዊ አብዮታዊ ኮሚቴም ውስጥ ሠርቷል። በዓመቱ መጨረሻ ሌኒን ወደ ዩክሬን ላከው። በማርች 1918 የመጀመሪያው የሶቪየት ዩክሬን መንግሥት መሪ ሆነ። የጀርመን ጦር እየገፋቸው ስለነበር የመራው መንግሥት በሽሽት ላይ ያለ መንግሥት ነው። በመሪነት የቆየውም አንድ ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ለዚህ ጥናት ዋናው ነገር የተፈጠረው በዚያ ሽሽት መሐል ነው። በኤፕሪል 1918 የዩክሬን ቦልሼቪኮች ታጋንሮግ ላይ ተሰበሰቡ። ስክሪፕኒክ የዩክሬን ኮሚኒስት ፓርቲ ራሱን የቻለ ፓርቲ ይሁን፣ ከሩሲያው ጋር የሚገናኘው በኮሚኒስት ዓለም አቀፍ ማኅበር በኩል ይሁን አለ። ሐሳቡ አለፈ። ግን በሦስት ወር ውስጥ፣ በጁላይ፣ የፓርቲው አንደኛ ጉባኤ ሞስኮ ላይ ተካሄደና ውሳኔው ተገለበጠ። የዩክሬን ፓርቲ የሩሲያው ፓርቲ አንድ ክፍል ሆነ። ስክሪፕኒክም ተቀበለ። ዲሲፕሊን ያለው የፓርቲ ሰው ነበርና።

ይህችን ውሳኔ ልብ በሉልኝ። በኋላ ያቋቋመው ትምህርት ቤት፣ ያጸደቀው ፊደል፣ ያሳተመው መጽሐፍ ሁሉ የቆመው በዚህች ላይ ነው። መንግሥቱ በስሙ የዩክሬን ነበር። መጨረሻ ላይ የሚወስነው ፓርቲ ግን ሞስኮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቼካ በተባለው የሶቪየት ምሥጢር ፖሊስ ውስጥ ፀረ አብዮትን የሚዋጋውን ክፍል መራ። በዩክሬን የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚሳር ሆነ። ከ1922 እስከ 1927 የፍትሕ ኮሚሳርና ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ነበር። ስለዚህ ለቋንቋ የተቆረቆረ የዋህ ምሁር አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የማፈኛውን መሣሪያ ያውቀዋል፣ ይዞታልም።

ችግሩ

በ1926 የሕዝብ ቆጠራ ከሪፐብሊኩ ነዋሪ 80 በመቶው ዩክሬናዊ ነበር። በከተሞች ግን ዩክሬናውያን ከግማሽ በታች ነበሩ። ፋብሪካው፣ ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፓርቲውም ጭምር የሚናገረው ሩሲያኛ ነው። ገበሬው ቢሮ ሲገባ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠዋል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የዛሩ መንግሥት በ1876 ባወጣው ድንጋጌ በዩክሬንኛ ማተምን ከልክሎ ነበር። ገደቡ የላላው ከ1905ቱ አብዮት በኋላ ነው። ስለዚህ ዩክሬንኛ ግጥምና ተረት ቢኖረውም ለፊዚክስ፣ ለሕግና ለምሕንድስና የተረጋጋ ቃል አልነበረውም። አጻጻፉም አንድ አልነበረም። በፖላንድ ሥር የነበሩት የጋሊሺያ ዩክሬናውያን በአንድ መንገድ፣ በሶቪየት በኩል ያሉት በሌላ መንገድ ይጽፉ ነበር።

በ1923 የሩሲያው ኮሚኒስት ፓርቲ 12ኛ ጉባኤ ኮረኒዛትሲያ የተባለውን ፖሊሲ አጸደቀ። በየሪፐብሊኩ መንግሥት በአካባቢው ቋንቋ ይሥራ፣ የአካባቢው ልጆች ካድሬ ይሁኑ የሚል ነው። ምክንያቱ ፖለቲካዊ ነበር። ፓርቲው ገበሬውን ማግኘት ፈልጓል። ዋናው አደጋ የታላቋ ሩሲያ ትምክህት ነው፣ ጠባብ ብሔርተኝነት ሁለተኛ ነው ተባለ። ስክሪፕኒክ በዚያ ጉባኤ ላይ ትምክህቱ ፓርቲው ውስጥ፣ ሠራዊቱ ውስጥ እንዳለ በግልጽ ተናግሯል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ስለ ብሔር ጥያቄ ሲከራከሩ ከሌኒንና ከስታሊን ጽሑፎች የቀዱት እነዚህኑ ሐሳቦች ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ጽንሰ ሐሳቡ ነበር። ካርኪቭ ላይ በተግባር ሲሞከር ምን እንደሆነ ብዙም አልተነገረንም።

ከስክሪፕኒክ በፊት የትምህርት ኮሚሳር የነበረው ኦሌክሳንደር ሹምስኪ ነው። ሹምስኪ ሥራው ይፍጠን፣ የሚመሩትም ዩክሬናውያን ይሁኑ አለ። ስታሊን በኤፕሪል 1926 ለዩክሬን ፓርቲ መሪዎች ደብዳቤ ጽፎ ነቀፈው። በ1927 መጀመሪያ ሹምስኪ ተነሳ። በነቀፋው ዘመቻ ስክሪፕኒክም ተሳትፏል። በማርች 1927 ወንበሩን የተረከበው እሱ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ አጻጻፉን አንድ ማድረግ ነበር። ኮሚሽኑ ከእሱ በፊት በ1925 ተቋቁሟል። ስክሪፕኒክ ግን ነገሩን ወደ ጉባኤ አወጣው። ከሜይ 25 እስከ ጁን 6 ቀን 1927 ካርኪቭ ላይ የቋንቋ ምሁራን፣ መምህራን፣ ጋዜጠኞችና ጸሐፊዎች ተሰበሰቡ። ከፖላንድ ድንበር ማዶ፣ ከጋሊሺያም ምሁራን ተጋብዘው መጡ። ክርክሩ ከባድ ነበር። በተለይ የውጭ ቃላት አጻጻፍ አላስማማቸውም። በመጨረሻ የመጣው መካከለኛ መንገድ ነው፤ ከጥንት በግሪክ በኩል የገቡ ቃላት የምሥራቁን ልማድ ይከተሉ፣ ከምዕራብ አውሮፓ በቅርብ የገቡት የጋሊሺያን። ስክሪፕኒክ ሰነዱን ሴፕቴምበር 6 ቀን 1928 ፈርሞ አጸደቀ። በ1929 ታተመ። የካርኪቭ አጻጻፍ፣ በሰውየው ስምም ስክሪፕኒኪቭካ ይሉታል። በጋሊሺያ፣ በሌቪቭ ከተማ የነበረው የሼቭቼንኮ ሳይንሳዊ ማኅበርም ተቀበለው። በሁለት መንግሥት ሥር የተከፈለ ሕዝብ አንድ አጻጻፍ አገኘ።

ከዚህ ጎን ለጎን የኪየቩ የዩክሬን ሳይንሳዊ ቋንቋ ተቋም የሙያ መዝገበ ቃላት ያዘጋጅ ነበር። መዝገበ ቃላት ሳይኖር የኬሚስትሪ መጽሐፍ መጻፍ አይቻልም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ሁለተኛው ሥራ ትምህርት ቤቱ ነው። በ1930 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ሆነ። መምህራን ሠለጠኑ፣ መጻሕፍት ታተሙ። ለአናሳ ብሔረሰቦችም በየቋንቋቸው ተከፈተላቸው፤ በዪዲሽ፣ በፖላንድኛ፣ በጀርመንኛ፣ በሞልዳቪያኛ፣ በቡልጋርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ለራስ የሚጠየቀው ለሌላውም መሰጠት አለበት የሚለውን በተግባር አሳይቷል። እኔ ከሥራው ሁሉ በጣም የማከብርለት ይህን ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ደፋር ነበር። ከዩክሬን ድንበር ውጭ፣ በሩሲያ ሪፐብሊክ ውስጥ ለሚኖሩ ዩክሬናውያንም ተሟገተ። በተለይ ኩባን በ1926 ቆጠራ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ዩክሬናዊ ነበር። እዚያ ትምህርት ቤትና ጋዜጣ በዩክሬንኛ ተከፈተ። ይህን ስታሊን በኋላ አልረሳለትም።

የሠራው

በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአሥር ዩክሬናውያን ልጆች ከዘጠኝ በላይ የሚማሩት በዩክሬንኛ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሪፐብሊኩ ጋዜጦች አብዛኞቹ በዩክሬንኛ ይወጡ ነበር። በፓርቲው ውስጥ በ1922 ዩክሬናውያን ከአራት አንድ አይሞሉም ነበር። በ1933 ከግማሽ በላይ ሆኑ።

ለምን ሠራ? በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ ትክክል ስለነበር ነው። ፊደሉ፣ ቃላቱ፣ መጽሐፉና መምህሩ አብረው ሄዱ። ወላጅ ልጁን ሲልክ ባዶ ክፍል አልጠበቀውም። ደግሞም ጉባኤው እውነተኛ ክርክር የተደረገበት ስለነበር የተሸነፈውም ወገን ሰነዱን የራሱ አድርጎ ማየት ችሏል።

ያልሠራው

ቢሮው አስቸገረ። በ1925 የወጣ ድንጋጌ የመንግሥት ሠራተኛ ዩክሬንኛ ካልተማረ ከሥራ ይሰናበታል ይል ነበር። ሰዎች ኮርስ ገቡ፣ ተፈተኑ፣ ወረቀቱን ይዘው ወጡ፣ ከዚያ በስልክም በኮሪደርም በሩሲያኛ ቀጠሉ። ከሞስኮ በቀጥታ የሚታዘዙት ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ድንጋጌው ብዙም አልነካቸውም። ሰው የሚቀጠርበትና የሚያድግበት ቋንቋ ሩሲያኛ እስከሆነ ድረስ ፈተናው ፎርማሊቲ ሆነ።

ዶንባስ ይበልጥ አስቸገረ። የስክሪፕኒክ ትውልድ ቦታ ነው። ሩሲያውያን ሠራተኞች አይገደዱ የሚል አቋም ነበረው። የተቀላቀለ ቋንቋ የሚናገሩትን ግን በመሠረቱ ዩክሬናውያን ናቸው፣ ልጆቻቸው በዩክሬንኛ ይማሩ አለ። የልጁ ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚወስነው እንግዲህ የመንግሥት ባለሙያ ሆነ ማለት ነው። ወላጅ ልጄ በሩሲያኛ ይማርልኝ ቢል በቀላሉ አይሰማም። ይህ ቅሬታ በኋላ ለከሳሾቹ የተዘጋጀ ማስረጃ ሆነላቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በማርች 1930 በካርኪቭ ኦፔራ ቤት 45 ምሁራን ለፍርድ ቀረቡ። የዩክሬን ነፃ አውጪ ኅብረት የሚባል ድርጅት አባላት ናችሁ ተባሉ። ክሱ የምሥጢር ፖሊሱ ፈጠራ ነበር። ከተፈረደባቸው መካከል የአጻጻፍ ኮሚሽኑ አባላት የነበሩ የቋንቋ ምሁራን አሉበት። ፊደሉን የሠሩለት ሰዎች ናቸው። ስክሪፕኒክ ፍርዱን በአደባባይ ደገፈ። ሹምስኪ ላይ የተነሳውን ዘመቻ ደግፎ ነበር፣ ይህንንም ደገፈ። የፓርቲ ዲሲፕሊን ነው ብሎ አምኖ ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ አብሮት ሊቆም የሚችለውን ሰው አሳልፎ ሰጠ።

እንዴት ፈረሰ

የፈረሰው በእህል ነው። በ1932 የእህል ኮታው ከገበሬው አቅም በላይ ነበር። በጁላይ 1932 የስታሊን የቅርብ ሰዎች ሞሎቶቭና ካጋኖቪች በተገኙበት የዩክሬን ፓርቲ ጉባኤ ላይ ስክሪፕኒክ በየመንደሩ የሰማውን ተናገረ። ገበሬዎች ያለንን ሁሉ ሙልጭ አድርገው ወሰዱብን ይላሉ አለ። ሰሚ አላገኘም። በ1932 እና በ1933 ረሃብ ዩክሬን ውስጥ ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እንደሞተ የሥነ ሕዝብ አጥኚዎች ይገምታሉ። ለስክሪፕኒክ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን የላኩት እነዚያው ገበሬዎች ናቸው።

ሞስኮ ለኮታው አለመሟላት ጥፋተኛ ፈለገች። ዲሴምበር 14 ቀን 1932 ስታሊንና ሞሎቶቭ የፈረሙት ውሳኔ የእህሉን ጉዳይ ከቋንቋው ፖሊሲ ጋር አገናኘ። በዘፈቀደ የተካሄደው ዩክሬናዊ የማድረግ ሥራ ለፀረ አብዮተኞች ሽፋን ሆነ አለ። በኩባን ጋዜጣውና የቢሮው ወረቀት ወዲያው፣ ትምህርት ቤቱም እስከ መኸር ወደ ሩሲያኛ እንዲዞር ታዘዘ። በማግስቱ እርምጃው በሌሎች የሩሲያ ክፍሎችና በካዛክስታን ወዳሉ ዩክሬናውያንም ተስፋፋ። የዓመታት ሥራ በአንድ ወረቀት ቆመ።

በጃንዋሪ 1933 ፓቬል ፖስቲሼቭ ልዩ ሥልጣን ይዞ ከሞስኮ መጣ። በፌብሩዋሪ ስክሪፕኒክ ከትምህርት ኮሚሳርነት ተነስቶ ወደ ፕላን ኮሚሽን ተዛወረ። በኮሚሳሪያቱ ምንጠራ ተጀመረ። የሱ ሰዎች ታሰሩ። አጻጻፉ ዩክሬንኛን ከሩሲያኛ ለማራቅና ወደ ፖላንድ ለማስጠጋት የተሸረበ ሴራ ነው ተባለ። ጠንካራዋን ገ የምትወክለው አንዲት ፊደል እንኳ የፀረ አብዮት ማስረጃ ሆና ቀረበች። በሜይ 13 ጸሐፊው ሚኮላ ህቪሎቪ ጓደኛው ሲታሰር ራሱን ገደለ። በጁን ፖስቲሼቭ በማዕከላዊ ኮሚቴው ስብሰባ ስክሪፕኒክን በቀጥታ ከሰሰ። ቀሪውን ከላይ ጽፌዋለሁ። የፓርቲው ጋዜጣ ፕራቭዳ ድርጊቱን ለማዕከላዊ ኮሚቴ አባል የማይገባ ፈሪነት አድርጎ ጻፈው።

በኖቬምበር 1933 ዩክሬን ውስጥ ዋናው አደጋ ጠባብ ብሔርተኝነት ነው ተብሎ በይፋ ታወጀ። የ1923ቱ ቀመር ተገለበጠ። አዲስ አጻጻፍ ወጣ፣ ያቺ ፊደልም ተሰረዘች። በ1938 የአናሳ ብሔረሰቦቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሩሲያኛም በሁሉም ትምህርት ቤት ግዴታ ሆነ። ወንበሩን የተረከበው ዛቶንስኪ በ1938፣ የከሰሰው ፖስቲሼቭ በ1939 ተረሸኑ።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግሉ ነጥቦች

ይህን ጉዳይ ሲያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስታሊንን ጭካኔ ነው። ትክክል ነው። ነገር ግን በቋንቋ ፖሊሲ ላይ የሚሠራ ሰው ከዚያ አልፎ የሚመለከተው ነገር አለ።

አንደኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ስክሪፕኒክ ሕግ አውጥቷል፣ ጉባኤ ጠርቷል፣ በጀት ይዟል። ፖሊሲውን የሚሽረው አካል ግን ለዩክሬን መራጭም ሆነ ፍርድ ቤት ተጠሪ አልነበረም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ ሰው ገና ሲጀምር መጠየቅ ያለበት ይህን ማን በአንድ ፊርማ ሊያቆመው ይችላል የሚለውን ነው።

ሁለተኛው የልጁን ቋንቋ ማን ይወስናል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ስክሪፕኒክ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ወላጅ እንዲመርጥ ቢፈቀድ አንዳንድ ትምህርት ቤት ይቀንስ ነበር። ግን የቀረው የወላጁ የራሱ ይሆን ነበር። በአገራችን መሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ዛሬም በየክልሉ አናሳዎች በምን ይማሩ ሲባል፣ ጥያቄው ይኸው ነው። አናሳውን አብሮ ማቀፉ ግን ከስክሪፕኒክ መወሰድ ያለበት ነው። ያንን ሳይጨምር የተነሳ የቋንቋ መብት ወዲያው ወደ ሌላ በደል ይዞራል።

ስለ ግለሰቡ ደግሞ ይህን እላለሁ። በ1926 ሹምስኪ፣ በ1930 ምሁራኑ ሲመቱ ዝም አለማለት ይችል ነበር? ዋጋው ከባድ ይሆን ነበር። ግን ሰባት ዓመት ቀድሞ በከባድ ዋጋ መቆም በ1933 ብቻውን ከመቆም ይሻል ነበር። በፈጠራ ክስ የሚፈርድ ችሎት አንዴ ትክክል ነው ከተባለ ቀጥሎ ማን ፊቱ እንደሚቆም የሚመርጠው ሌላ ሰው ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ቴክኒካዊ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። የ1928ቱ አጻጻፍ ካርኪቭ ላይ ቢሰረዝም ሌቪቭ ላይ አልተሰረዘም። የጋሊሺያ ምሁራን ጉባኤው ላይ ስለነበሩና ማኅበራቸው ስለተቀበለው ማተም ቀጠሉ። በኋላም በካናዳ፣ በአሜሪካና በጀርመን የሚኖሩ ዩክሬናውያን መጽሐፋቸውንና ጋዜጣቸውን በሱ አወጡ። የተከለከለችው ፊደል በ1990 ወደ ዩክሬን ፊደል ተመለሰች። በ2019 የዩክሬን መንግሥት ያጸደቀው አዲሱ አጻጻፍም ከ1928ቱ የተወሰኑ ደንቦችን መልሶ አስገብቷል።